በረዶ ላይ የተጀመረ ሰላምታ

፦ ተረት ተረት።
፦ ብርዱ ይራቅ ካለንበት።

በድሮ ዘመን፣ ስሜን ተራራ ላይ አያ ይመርና ውዲቱ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ልጃቸው ማዶ ተድራ ወለደችና ለክርስትናው ተጠሩ። ከዚያም ቅቤያቸውን በቅል ይዘው ተነሡ።

መንገዱ ላይ አንድ ቁልቁለት አለ። ከሥሩ ገደል ነው። ሌላ ማለፊያ የለም። ሌሊቱን በረዶ ወርዶ ነጭ ጋቢ አልብሶታል። ውዲቱ ዱላዋን ሰካችና ዳሰሰችው። ላዩ ጥጥ፣ መሀሉ ድንጋይ፣ ከሥር ደግሞ እንደ ጨው ይፈረፈራል።

፦ ይሄ አልተያያዘም፤ ይናዳል። እንደ አገራችን ልማድ አንድ ባንድ እንለፍ። ብቻ መሀል ላይ እንዳትቆም።

ይመር እሺ አለና ቀድሞ ገባ። ይመር ደግ ሰው ነው ልጆቼ፣ ሰላምታ ላይ ግን ማቆሚያ የለውም። የልጃቸው ባል አባት፣ አያ ሸዋለም፣ ከማዶ አየው። እንግዳን ቆሞ መጠበቅ ነውር ነውና ሊቀበለው ሮጠ። መሀል ላይ ተገናኙ። ጎንበስ ጎንበስ ተባባሉና ጀመሩ። እንዴት ከረሙ፣ ከብቱስ፣ ገብሱስ።

ከበላያቸው በረዶው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ውዲቱ ኧረ ውጡ ብላ ለመነች። ሰላምታ አይቋረጥምና ሸዋለም በእጁ ይቆዩ አላትና ስለ ይመር በቅሎ የታመመ እግር ጠየቀ።

ውዲቱ በዕድሜዋ ሰው አስቀይማ አታውቅም። ዓይኗን ጨፈነችና ጮኸች፦

፦ አያ ሸዋለም፣ ለክርስትናው ቅቤ ያልነካው ጎመን ብቻ ነው አሉ የሠሩት!

ሸዋለም ክው አለ። በግ ያረደ ሰው እኮ ነው። ድስቱን አምጥቶ ሊያሳያት ወደ ቤቱ ሮጠ። ይመርም ሚስቱን ሊቆጣ ወደ ኋላ ሮጠ። ሁለቱም እንደወጡ የቁልቁለቱ በረዶ ተንዶ ገደል ገባ።

ይመር ገደሉን አየና ሚስቱ ለምን እንደተሳደበች ገባው።  ጋቢውን አወለቀና ውዲቱን አለበሳት።

ሁሉም ሲረጋ፣ በረዶው በተራገፈበት አንድ ባንድ ተሻገሩ። ሸዋለም ድስቱን ታቅፎ ቆሟል። ክዳኑን ከፈተ።

፦ ይዩ እንግዲህ፣ ጎመን ነው?

ውዲቱ ይቅርታ ልትል ጉልበቱ ላይ ወደቀች። አነሣትና አጎረሳት።

፦ እስከ ልጁ ሠርግ እየመጡ ይስደቡኝ።

ከዚያም ወደ ይመር ዞረ።

፦ በቅሎዋ ላይ ነበር የቆምነው። እግሯ ዳነ?

እንግዲህ እኔ ተረቴን አሻግሬአለሁ። እናንተም ዳቦውን አሻግሩልኝ፤ አንድ ባንድ፣ መሀል ላይ ሳትቆሙ።