የደብሪቱ እፍኝ

በዋልካ በር መንደር ጳጉሜ ሲገባ፣ የሽምብራ ዘር ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት ከዘሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ ከስንዴ ጋር ይቀቅላል። ንፍሮው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘመድ ሳይሆን ወደ ተኳረፉት ጎረቤት ነው። ይህም «የደብሪቱ እፍኝ» ይባላል።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ያልወለደች ሴት ነበረች። አጥር የምትጋራት ወጣቷ አንጓች ነበረች። አንድ ዓመት የአንጓች ጥጃ የደብሪቱን ሽምብራ ቢበላ ሁለቱ ተጣሉ፤ በጠቡም መካከል አንጓች «አንቺ መካን፣ ለማን ልታወርሺው ነው!» አለቻት ይባላል። ደብሪቱ ፊቷን አዙራ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቃል ሳይለዋወጡ ክረምቱ ሁለቴ አለፈ።

በቀጣዩ ክረምት ገብሱን በረዶ መታውና አገሩ ተራበ። የአንጓች ባል እህል ሊሸምት ቆላ እንደወረደ ወንዙ ሞልቶ ማዶ አስቀረው፤ እሷም በዚሁ መካከል ወለደች። ደብሪቱ የሕፃኗን ልቅሶ በአጥሩ በኩል ሰማች። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ ቤት ጭስ አልወጣም፤ ልቅሶውም እየሰለለ ሄደ።

ደብሪቱ የነበራት አንድ ቁና የዘር ሽምብራና ጥቂት ስንዴ ብቻ ነበር። ዘሩን ከበላች ለከርሞ የምትይዘው የላትም። ስልቻውን ፈታችና መልሳ አሰረችው፤ ያ የስድብ ቃል እንደ አዲስ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። የሕፃኗን ድምፅ ደግማ ስትሰማ ግን ፈትታ ዘገነች፤ ድስቱንም ጣደች።

አንጓች በሩ ሲንኳኳ ከመደቡ ላይ ሆና «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ደብሪቱ። በትኩሱ ብዪ፣ ጡትሽ ወተት ይያዝ።»

በዚያ ወራት በማንም ቤት ያለው ሽምብራ ለዘር የተቀመጠ ብቻ ነውና አንጓች ንፍሮውን ስታይ ገባት።

«እትዬ፣ ዘርሽን?»

«ምድር አንድ ዓመት ብታርፍ ምን ትሆናለች? ልጅ ግን ሳይበላ አያድርም።»

«ያን ቀን ያልኩሽን…» ብላ ስትጀምር እንባዋ ቀደማት። ደብሪቱም «ብዪ አልኩሽ» አለችና ሕፃኗን ተቀብላ አቀፈቻት።

ወንዙ ጎድሎ ባልየው እስኪመለስ ድረስ ድስቱ በየቀኑ ይጣድ ነበር። መስከረም ሲጋመስ የሁሉም ማሳ ሲበቅል የደብሪቱ ግን ግማሹ ጥቁር መሬት ሆኖ ቀረ። ሰዎች ምክንያቱን ጠይቀው ቢረዱ አንገታቸውን ደፉ፤ ከአንጓች ቤት ጭስ መጥፋቱን እነሱም አይተው ነበርና። ከየቤታቸው የተረፈ ዘር እፍኝ እፍኝ አመጡላት። ዘግይቶ የተዘራ ነውና ብዙም አላፈራም ይላሉ፤ ደብሪቱ ግን ያን ዓመት ያህል ደስ ብሏት አጭዳ አታውቅም ይባላል። አንጓችም የልጇን ስም እንድታወጣ ለመነቻት፤ እሷም «ዘሪቱ» አለቻት። ዘሪቱ አፏን ስትፈታ ሁለቱንም ሴቶች «እማ» ብላ ትጠራ ነበር።

ዛሬም በዋልካ በር ያን ንፍሮ የተቀበለ ሰው ሳህኑን ባዶውን አይመልስም፤ ከራሱ ዘር አንድ እፍኝ ጥሬ ሽምብራ ያደርግበታል። ሳህኑ የተመለሰላትም ሴት ከዘሯ ጋር ቀላቅላ ትዘራዋለች። ስለዚህ በዚያ አገር የበቀለውን ሽምብራ፣ ይህ የእገሌ ያ የእገሌ ዘር ነው ብሎ የሚለይ ሰው የለም።