ኮፒያው እርሳስ

«ጥፋቴን በባልንጀራዬ ላይ አላክኬ ከሥራዋ እንድትባረር አደረግሁ። እሷ ይህን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ አልቅሻለሁ፣ ጾሜያለሁ፣ ልጆቿንም እረዳለሁ። ይህ አይበቃም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንግዲህ ስሚኝ።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። እጁ የተመሰገነ ነው፤ በሰፈሩ የሚዳሩ ልጃገረዶች ሁሉ የእሱን ስፌት ይለብሱ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ የሚሆን ስስ ነጭ ጨርቅ ይዛ ከልጇ ጋር መጣች። ጨርቁን ገበያ ዞራ የመረጠችው ራሷ ናት።

«ጋሼ፣ ነጭነቱን አደራ» አለችው።

«እኔ ደግሞ ወገቡ ጥብቅ እንዲልልኝ ነው የምፈልገው» አለች ልጅቷ።

«ታዲያ የሠርግሽን ምሳ የት ልታደርጊው ነው?» አለ ሰፊው። ሦስቱም ሳቁ።

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ከመስፋቱ በፊት በወረቀት ያወጣውን ልክ ጨርቁ ላይ ዘርግቶ፣ ደረት ላይ የሚታጠፈውን፣ ወገብ ላይ የሚሰበሰበውን፣ እጅጌው የሚገጥምበትን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። ምልክቱ የሚደረገው በጨርቁ ውስጥ በኩል፣ በጠመኔ ነው። ጠመኔ ሲያራግፉት ይለቃል። ያን ቀን ግን የሰፊው ጠመኔ አልቆ ነበር። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ተነስቶ መሄድ ታከተው። ጆሮው ላይ የሰካውን ኮፒያ እርሳስ አወረደ። ይህ እርሳስ በደረቁ ሲታይ እንደ ማንኛውም እርሳስ ግራጫ ነው። ውሃ ሲነካው ግን ወይን ጠጅ ቀለም ይተፋል፤ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ሰፊው ይህን ያውቃል። «በስሱ ነው የማሰምረው። ደግሞስ የሠርግ ልብስ ማን ያጥበዋል?» አለ በልቡ። አሰመረ።

ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ አንዳች እንከን አልታየበትም።

በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ወደ ዳሱ ስትሄድ የበልግ ዝናብ ጣለ። ብዙ አልነበረም፤ ለዚህ ነገር ግን በቂ ነበር። ጨርቁ ስስ ነውና ቀለሙ ከውስጥ ወደ ፊት ዘለቀ። መጀመሪያ ደረቷ ላይ ሁለት መስመር ወጣ። ቀጥሎ ወገቧ ላይ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ላይ።

ከአጃቢዎቹ አንዱ «ምነው፣ ቄራ ነው እንዴ ያደረችው? እንደ ሥጋ ማኅተም መተዋታል እኮ!» አለ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የሙሽራው እናት ብቻ አልሳቀችም። «ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የገዛችላት?» አለች፣ ሰው እየሰማ።

የሙሽራዋ እናት ከእድምተኛው መሀል ሰፊውን ፈልጋ አገኘችው። «ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «እርሳሱ የእኔ ነው» ማለት ይችል ነበር።

«ጨርቁ ነው፣ እትዬ፤ ርካሽ ጨርቅ ስፌት የነካው ቦታ ሁሉ ቀለም ይተፋል» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ጨመረበት፤ «እኔማ ያመጣሽው ቀን ጠርጥሬው ነበር።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «በእኔ ሠርግ ቆጠብሽ፣ እማዬ?»

እናትየው ከጨርቅ ነጋዴው ጋር ተከራክራ ዋጋ ማስቀነሷ ትዝ አላት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ እናቷን የምትጠይቀው ለዓመት በዓል ብቻ ሆነ፤ ያውም ነጠላዋን ሳታወልቅ።

ሰፊውን ጸጸት አላስቀምጥ አለው። እናትየው ቤት ሄዶ «ልብሱን ስጪኝ፤ ያለ ዋጋ አጥቤ ላስለቅቀው» አላት። በሎሚ አሸው፣ በሳሙና ዘፈዘፈው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ባጠበው ቁጥር መስመሩ እየፈዘዘ፣ ቀለሙ እየተንሰራፋ ሄደ። በመጨረሻ ልብሱ ሁለመናው የበለዘ ገላ መሰለ። የሰፊው እጅም እስከ ክንዱ ወይን ጠጅ ሆነ።

እናትየው ልትወስደው መጣች። ልብሱን አይታ አጣጠፈችው። የሰፊውን እጅ ስታይ ግን እንባዋ መጣ።

«በእኔ ስስት የአንተ እጅ ይበላሽ፣ ጋሼ? እግዜር ብድርህን ይክፈልህ። እጅህን ይባርክልህ» አለችና ጎንበስ ብላ ሳመችው።

ሰፊው «አሜን» አለ።

እጁ ከጊዜ በኋላ ጠራ። ልብሱ ሳጥን ውስጥ ቀረ። እናትየው የልጇን ሠርግ ያበላሸች እሷው እንደሆነች አምና ኖረች፣ አምናም ሞተች። በቀብሯ ላይ ከልጇ ይልቅ ሰፊው አለቀሰ፤ ሰዎችም ደግነቱን አወሩለት።

እህቴ፣ አንቺም እንዲሁ ነሽ። እንባሽና ጾምሽ፣ ለልጆቿም የምትሰጪው ሁሉ ሎሚና ሳሙና ነው፤ ቢያጠራ የአንቺን እጅ እንጂ የእሷን እድፍ አያጠራም። ያቺ ሴት «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች ራሷን ስትከስስ ትውላለች። ክሱን ከራሷ ላይ የሚያነሳላት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ግን አንቺ ጋ አስቀርተሽዋል። እውነቱን ብትነግሪያት ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ። ሰፊውም የፈራው ገበያውን ነው። አንቺ ከእሱ የምትሻዪው ያቺ ሴት ገና በሕይወት በመኖሯ ብቻ ነው።

ይበቃል ወይ ብለሽኛል። ያቺ ሴት ለልጆቿ ስላደረግሽው መጥታ ስትመርቅሽ፣ አሜን ከማለትሽ በፊት እጅሽን እዪው።