እሳት የማይፈራው ጋጋሪ

እጁ እሳት አይፈራም የተባለለት አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ስሙ ሽብሩ ነው። ከምድጃው የጋለ ትሪ በባዶ እጁ ስቦ ሲያወጣ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው አፉን ይዞ ያየዋል። "ወንድ ማለት ይህ ነው!" ይላል አንዱ። "እሳቱ ራሱ ይፈራዋል" ይላል ሌላው። ይኸው ሰፈር ለሽብሩ ሁለተኛ ስምም አውጥቶለት ነበር፦ ኩራተኛው። ሁሉም በሚስቅበት ቀልድ እሱ አይስቅም። ከንፈሩን ገጥሞ፣ ማጅራቱን በእጁ ደግፎ ዝም ይላል። "ምን ያድርግ፣ ጀግና ከእኛ ጋር ይሳቅ እንዴ?" ይባባላሉ። እንግዲህ ሰፈር ስም ለማውጣት ሰንፎ አያውቅም።

ሽብሩ ግን የሚያስፈራው ነገር ነበረው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የቀኝ እጁ ጣቶች እየሰለሉ ሊጥ ማሸት ከብዷቸዋል። ሁለት ጊዜ ትሪ አምልጦታል። ከእጁ በቀር ሌላ ሙያ የለውም፤ እጁ ከከዳው ቤቱም አብሮ ይወድቃል። ለማንም አልተናገረም። ጀግና ተብሎ ከተጠራ በኋላ "እጄ ደከመ" ማለት ለማን ይቀላል?

በዚያው ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ስንዱ የምትባል የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ሐኪሞች የጻፉትን የበሽታ ስም እያነበበች፣ ከወፍራም መጽሐፍ ላይ ኮዱን ፈልጋ ካርዱ ላይ ማስፈር ነው። ወባ የራሱ ኮድ አለው፣ ስብራት የራሱ፣ ቃጠሎ የራሱ። በሥራዋ አትታማም። አንድ አመል ብቻ ነበረባት፤ ኮዱን ከጻፈች በኋላ የካርዱን የኋላ ገጾች ሳታነብ ወደ መደርደሪያው አትመልሰውም። "ልብ ወለድ መሰለሽ እንዴ?" እያለ አለቃዋ ይቀልድባታል።

አንድ ቀን የሽብሩ ካርድ እጇ ገባ። የእጅ ቃጠሎ ይላል። ኮዱን ጻፈችና ወደ ኋላ ገለጠች። ከአራት ወር በፊትም የእጅ ቃጠሎ። ከዚያም በፊት የእጅ ቃጠሎ። ሦስቱንም ኮዶች የጻፈችው ራሷ ናት፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሆኖም አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። በአንዱም ገጽ ላይ ሰውዬው አመመኝ ማለቱ አልተጻፈም። እንዲያውም የመጀመሪያው ሐኪም "መቃጠሉን ያወቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ነው" ብሎ አስፍሮ አልፏል።

ሽብሩ ቁስሉን አሳሽጎ ሲወጣ በኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

"ጋሽ ሽብሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲቃጠሉ አያምዎትም?"

"ለምጄው ነው፣ እህቴ። ሃያ ዓመት እሳት ፊት የቆመ ሰው ምን ይሰማዋል?"

"እናቴ አርባ ዓመት ቆማለች። አሁንም የጋለ ድስት ስትነካ ጩኸቷ ጎረቤት ይሰማል።"

ሽብሩ ሊስቅ ዳዳውና ማጅራቱን ይዞ ቀጥ አለ።

"ምን ሆኑ?"

"ምንም አይደል። ስስቅ እዚህ ጋ ይሰነጥቀኛል። ሳስልም ሳስነጥስም እንዲሁ ነው። ሳቅ ከተውኩ ቆየሁ።"

"ለሐኪም ነግረውታል?"

"ለእጄ መጥቼ ስለ ሳቄ ማን ይጠይቀኛል?"

ስንዱ ካርዱን እንደያዘች ወደ ነርቭ ሐኪሙ ክፍል ሄደች። "ዶክተር፣ የጻፍኩት ኮድ ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን ትክክል አልመስልህ አለኝ" አለችው፤ የሳቁንም ነገር ነገረችው። ሽማግሌው ሐኪም ሽብሩን አስጠርቶ ዓይኑን አስጨፈነው። በጥጥ ሲነካው "ጥጥ ነው" አለ። አንድ ትኩስ፣ አንድ ቀዝቃዛ ውሃ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች ሲያስነካው ግን "ሁለቱም ብርጭቆ ነው" ብሎ መለሰ። ሐኪሙ ወዲያው ኤም አር አይ እንዲነሳ አዘዘ።

ምስሉ ሲመጣ ሐኪሙ ስንዱን ጠርቶ አሳያት። በአንገቱ በኩል፣ በህብለ ሰረሰሩ መሃል፣ በፈሳሽ የተሞላ ረጅም ከረጢት አለ። የሙቀትና የሕመም ስሜት የሚያልፍበትን መንገድ ያበላሸው እሱ ነው። ጣቶቹንም እያሰለላቸው ነበር።

"አገኘነው!" አለች ስንዱ መጽሐፏን እየገለጠች። "ለዚህም ኮድ አለው።"

"አለው። ግን ፈሳሹ እዚያ ምን ያደርጋል?"

ስንዱ ጣቷን ከገጹ አንስታ ወደ ምስሉ ተጠጋች።

"አንዱ ሰው ወድቆ አከርካሪው ተጎድቶ ይመጣበታል" አለ ሐኪሙ። "በሌላው ዕጢ ያመጣዋል፣ በሌላው የቆየ ኢንፌክሽን። ስሙ አንድ ነው፤ መነሻው ለየቅል። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ግድግዳውን ብቻ ብትቀቢው ክረምት ሲገባ ምን ይሆናል?"

"የእሳቸውስ ከየት ነው?"

ሐኪሙ ጣቱን በምስሉ ላይ ወደ ላይ ወሰደ። የኋለኛው አንጎል ጫፍ ወደ አንገቱ መግቢያ ወርዶ የፈሳሹን መመላለሻ አጣብቦታል። "አብሮት የተወለደ ሳይሆን አይቀርም። ሲስቅ የሚያመውም ለዚህ ነው። እኛ እጁን በፋሻ ስንጠቀልል በሽታው በሳቁ በኩል ሲጣራ ኖሯል።"

"ታዲያ ሁለቱንም ልጻፍ?"

"ሁለቱንም ጻፊ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሐኪም ፈሳሹን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ።"

ሽብሩ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ የከፈተው ከረጢቱን ሳይሆን የጠበበውን መንገድ ነው። ከወራት በኋላ ከረጢቱ ሟሸሸ፣ ጣቶቹም መስለላቸው ቆመ። የሙቀት ስሜቱ ግን አልተመለሰም። ይህን ስናገር ይቆጨኛል። በመጀመሪያው ቃጠሎ ጊዜ አንድ ሰው ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር።

ወደ ሥራው በተመለሰ ቀን ወፍራም ጓንት አጥልቆ ትሪውን ሳበ። ሰልፈኛው ቅር አለው።

"ጀግናው! እሳት መፍራት ጀመርክ እንዴ?" አለ አንዱ።

"አዎ፣ ተመስገን፣ ፈራሁ!" አለ ሽብሩ፤ ሳቀም። እጁን ማጅራቱ ላይ ሳያደርግ፣ የስንት ዓመት ዕዳውን እንደሚከፍል ሰው እስኪበቃው ሳቀ። ሰልፉ መሃል የቆመችው ስንዱ እንባዋ መጣ። ሰፈርተኛው ግን ኩራተኛው ምን እንደነካው ገና አልገባውም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ስም መስጠት ማወቅ አይደለም። ካርዱ ቃጠሎ አለው፣ ሰፈሩ ጀግና አለው፣ ደግሞም ኩራተኛ አለው። ሁሉም ያየውን ነው የጠራው፤ "ከየት መጣ?" ያለችው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ማጅራቱን ይዞ ፊታችን ቆሞ ሳለ ያልጠየቅነውስ?

እስቲ በሰፈራችሁ ኩራተኛ የምትሉትን ሰው አስቡት። ሲስቅ የሚያመው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?