ውኃን በበግ የተመነ ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ፤ ደገኛ ገበሬ። ልጄ፣ «በሰው እጅ የላክሁልሽን ገንዘብ ለምን በዚያው ሰው መለስሽው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነውና ታግሠሽ ስሚኝ።

ይህ ሰው የኖረው አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነው። አሞሌ የሚባለው ተጠርቦ የተስተካከለ የጨው ድንጋይ ነው፤ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ ርጥበት እንዳያሟሟው ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። በገበሬው አገር ጨው ከሩቅ ስለሚመጣ ውድ ነበረ። በአንድ አሞሌ አንድ በግ ይገዛል። ግማሹን የከፈለ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ይዞ ይገባል።

የገበሬው ሁለት በሬዎች በበሽታ ሞቱበት። በሬ የሌለው ገበሬ እጅ እንደሌለው ሰው ነው። መሬቱ ጦም አደረ፤ ልጆቹን በየሰው ቤት ለሎሌነትና ለገረድነት ከመበተን በቀር መንገድ አልታየውም። በዚህ መካከል አንድ የሲራራ ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ፣ «ጨው በሚወጣበት ቆላ ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት አሞሌ ይከፍላሉ» ብሎ ነገረው። ነጋዴው አልዋሸም። ቁጥሩ እውነት ነበረ።

«በቀን ሦስት በግ!» አለ ገበሬው ለሚስቱ።

«በጎች አሉ እዚያ?»

«ምን በግ አለ፣ ጨው ነው እንጂ!»

«ታዲያ በጨው ምን ይገዙበታል?»

«አንቺ ደግሞ! አሞሌ የትም ቢሄድ አሞሌ ነው» አለና ስንቁን ተሸክሞ ወረደ።

በዚያ ቆላ ጨው እንደ እኛ አገር ድንጋይ ነው፤ ይቀመጡበታል፣ ይከልሉበታል። የማይገኘው ሌላው ሁሉ ነው። ውኃው ከሩቅ ምንጭ በግመል ይመጣል፤ እህሉም ከደጋ ተጭኖ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስት አሞሌውን የተቀበለ ሠራተኛ አንዱን ለቂጣ፣ አንዱን ለውኃ ይከፍልና አንዱን ያስቀምጣል። የሁሉም ኑሮ ይኸው ነበረ።

ገበሬው ገና እንደ ደረሰ ውኃ ሻጩ ፊት ቆሞ ጮኸ።

«ለአንድ ቅል ውኃ ግማሽ አሞሌ? በአገሬ በዚህ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ይገዛል እኮ!»

«እንግዲያው ዶሮዋን ጠጣት» አለው ውኃ ሻጩ።

ወረፋ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስሙ ባለዶሮው ሆኖ ቀረ።

አብሮት ጨው የሚፈነቅል አንድ ሽማግሌ ግን አዘነለት። «ስማኝ ወንድሜ» አለው፤ «እኔም ደገኛ ነበርሁ። ሆድህና ጉሮሮህ አሁን ያሉት እዚህ ነው። የእነሱን በዚህ አገር ዋጋ ክፈል፤ አገርህን አታንሣ። ጠጥተህ በልተህ የተረፈህን፣ እሱን ብቻ፣ በአገርህ በግ ቁጠረው።»

«አንድ አሞሌ ልቆጥር ነው የወረድሁት? የተባልሁት ሦስት ነው» አለ ገበሬው።

ሦስቱንም ሊቆጥር ተነሣ። ሁለት ቅል መጠጣቱን ትቶ አንድ ቅል ይጠጣ ጀመር። ቂጣውንም ገመሰ። ከአፉ የነሳውን ሁሉ በአሞሌው ክምር ላይ ይጨምርና እየዳሰሰ፣ «ይቺ የበሬው ቀንድ ናት፤ ይቺ ሻኛው ናት» ይላል። ጓደኞቹ፣ «ባለዶሮው፣ ዶሮህ ደግሞ በሬ ሆነች?» እያሉ ያሾፉበታል። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ሽንቱ ቀላ። በነጋዴው አፍ ወደ ቤቱ ሲልክ ግን የክምሩን ብዛት እንጂ የከንፈሩን ነገር አልላከም። በአገሩም ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሚስቱ እየመጣ፣ «ባልሽ ከበረ፤ ለእኛም ልጅ ሥራ እንዲፈልግ ላኪበት» ይላት ነበረ። እሷም እውነት መስሏት ደስ አላት። ምን ታድርግ? እሷም የምትቆጥረው በበግ ነበረ።

አንድ ቀን ውኃ ጫኞቹ ዘገዩ። ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ጥቂት ግመሎች ብቻ ብቅ አሉ፤ የቅል ውኃ ዋጋም አንድ ሙሉ አሞሌ ገባ። ሰው ሁሉ እየተሳደበ ከፈለ። ገበሬውም ከክምሩ አንድ አሞሌ አንሥቶ ወረፋ ያዘ። ተራው ሲደርስ ግን እጁ አልዘረጋ አለው።

«አንድ በግ» አለ። «አንድ ሙሉ በግ ለአንድ ቅል!»

«ትወስዳለህ ወይስ ትለቃለህ? ሰው ከኋላህ ቆሟል» አለው ውኃ ሻጩ።

ገበሬው አሞሌውን እንደ ሕፃን አቅፎ ተመለሰና በክምሩ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌው ከራሱ ቅል ግማሹን ዘረጋለት፤ ገበሬው ግን «ነገ በአሞሌ ትጠይቀኛለህ» ብሎ እምቢ አለ። ድጅኖውን ይዞ ወደ ነጩ ሜዳ ገባ።

ጥቂት እንደ ሠራ በጎችን ይጠራ ጀመር። በየስማቸው ነው የሚጠራቸው አሉ። ቀጥሎ በግንባሩ ተደፋ። ጓደኞቹ ሮጡ፤ ውኃ ሻጩም ስልቻውን ይዞ ሮጠ፤ ዋጋም አልጠየቀ። አፉን ከፍተው አፈሰሱለት። ውኃው ግን ጉሮሮውን አልፎ አልወረደም፤ በከንፈሩ ጥግ ፈስሶ ጨው ላይ ጠፋ።

ክምሩን ያ ነጋዴ በታማኝነት ጭኖ ለሚስቱ አደረሰላት። በየኬላው ከተቀነሰው የተረፈው ለሁለት በሬ በቃ። እነሆ፣ የተመኘው ሁሉ ተፈጸመ። ነገር ግን በአገሩ ሴት እርፍ አትይዝም፤ ልጆቹም ለእርሻ ገና ነበሩ። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልበል ብሎ ተቸግሮ ደጇ ሲቆም፣ «ጥማዱስ ሞላ፤ አራሹን በስንት አሞሌ ልግዛው?» አለች። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠች። የደረሳት እህል ግን ልጆቿን ሁሉ አልያዘም። ትልቁን ለሰው በሎሌነት ሰጠች፤ ቀጥላ ተከታዩን።

ልጄ ፈንታነሽ፣ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። ጨክኜ መናገሬን ይቅር በይኝ። ገንዘቡን ያመጣችልኝ ጓደኛሽ ስትደብቅ ስትደብቅ ቆይታ በመጨረሻ ነገረችኝ። ጎንሽን ካመመሽ ሰነባብቷል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትልሽ የሚያስከፍሉትን ወደ ብር እየመነዘርሽ፣ «ይህ እኮ ለእናቴ ቤት ክዳን የሚሆን ቆርቆሮ ነው» ትያለሽ አሉ። ጓደኞችሽ ምሳ ሲበሉ አንቺ የአንዱን ሳህን ዋጋ በእኛ ጤፍ አስልተሽ ሻይ ይዘሽ ትቀመጫለሽ። እዚህ ደግሞ የማኅበሩ ሴቶች ደሞዝሽን በብር እያባዙ፣ «ልጅሽ ከበረች» ይሉኛል። እኔም አሜን ስል ከረምሁ።

ደሞዝሽ በዚያ አገር ገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይሽም፣ እንጀራሽም፣ መድኃኒትሽም በዚያው ነው። ደሞዙ ብዙ የሚመስለው እዚህ ሆነን ስናየው ነው፤ ሐኪሙም ይህን ያህል የሚያስደነግጥሽ በእኛ ገበያ ስትለኪው ነው። እግዚአብሔር የሰጠሽ አንድ ገላ ነው፤ ያም ገላ ያለው እዚያ ነው። በእኔ ገበያ ዋጋ አይጠግብም፣ በእኔ ገበያ ዋጋም አይድንም። ታክመሽ፣ በልተሽ፣ ተኝተሽ የተረፈሽ ቢኖር እሱን ላኪልኝ፤ ጥቂትም ቢሆን እዚህ ብዙ ነው፤ መርቄ እቀበላለሁ። ከጉሮሮሽ የነጠቅሽውን ግን አልነካም። ጣሪያው ያፍስስ፤ ባልዲ እደቅንበታለሁ።

ነገ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ደውይልኝ። ስንት አስከፈለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ምን አለሽ ብዬ ነው የምጠይቅሽ።