ዋርካው ከነወፎቹ የተሸጠ ዕለት

ጎረቤት ማማት ኃጢአት ነው ይሉኛል። እኔ ያየሁትን ነው የማወራው፤ ዓይኔ ካየ አፌ ምን ያድርግ?

በእኛ ጫካ ሁሉም ነገር በወጉ ነበር። አያ አንበሶ ይገዛል፣ አያ ጅቦ ያጨበጭባል፣ የቀረነው እንሠራለን። ትልልቆቹ ዋሻዎች የአያ አንበሶ ናቸው። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ዋርካም የእሱ ነው፤ እዚያ ላይ ወፎች ለየሰዉ የግል ጎጆ ይሠራሉ፣ እሱ ይሸጣል። ድሮ ቤት የሚባለው የትልልቆቹ ዋሻ ብቻ ነበር፤ ጎጆው ከመጣ ወዲህ ግን ጥንቸል እንኳ የራሷን በር ዘግታ ታድራለች።

በየጎጆው በር ላይ የአንበሳ ጥፍር ጭረት አለ። ጭረት የሌለው ጎጆ ውስጥ ማንም አይገባም። እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ጭረቱን በምንቃሯ የምትጭረው የወፎቹ አለቃ እመት ወፊት ናት። አያ አንበሶ ዋርካው ሥር ደርሶም አያውቅ።

አንድ ቀን ጎሽ ከወንዝ ማዶ መጣ። የማናውቀው አይደለም፤ የጎጆውን ሳር ስንት ዓመት ያቀበለ ነው። ከአያ አንበሶ ጋር ዋሻ ገብተው ዋሉ። የእኔም መንገድ በዚያው በኩል ሆነና ጥቂት ሰማሁ።

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ።

«ጎጆ መሥራት ልፋቱ ብዙ፣ ጥቅሙ ኢምንት ነው» አለ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳር ነክቶ የማያውቀው አያ አንበሶ። «ከእንግዲህ የምንሸጠው ምክር ነው። ዋርካውን ለጎሽ ሸጬዋለሁ።»

«ለባዕድ?» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ጓዳችንን ሊያውቅብን? ማን የት እንደሚተኛ?»

«አንተ ደግሞ! ማን የት እንደሚተኛ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?» አለችው ጥንቸል። ጉባኤው ሳቀ።

ይኼኔ እመት ጦጢት ተነሣች። «እሱን ተዉት፤ ጭረቱስ? የአንበሳ ጥፍር ያልነካው በር ውስጥ ልጆቼን ላስተኛ?»

እስኪመሽ ስለ ጭረት ተከራከርን። ይቅር፣ አይቅር፣ ይነስ፣ ይጉላ። በመጨረሻ ጎሽ ሰልችቶት «ጭረቱ አምስት ክረምት ይቆይ» አለ። እልል አልን። አያ ጅቦማ «አሸነፍን!» እያለ ሦስት ጊዜ ዞረ።

ሦስት እንቁላል ታቅፋ ከቅርንጫፏ ስትሰማ የዋለችው እመት ወፊት፣ እልልታው ሲበርድ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እኛስ?»

«እናንተ ምን?»

«ወፎቹ።»

አያ አንበሶ ግራ ገባው። «እናንተማ ከዋርካው ጋር ናችሁ። ዛፍ ሲሸጥ ቅጠሉ ለብቻው ይቀራል እንዴ?»

ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም፤ በጭረቱ ክርክር ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎሽ ዋርካው ሥር ቆሞ ቀና አለ።

«እመት ወፊት፣ ሥራውን ሳሩ ወዳለበት፣ ወደ ማዶ ልወስደው ነው። እናንተንም ጨምሮ ሰጥቶኛል። አንቺ ግን ምን ትያለሽ?»

ወፊት እንቁላሎቿን አየች። እዚህ ጫካ ተወልዳ እስክታረጅ፣ ምን ትያለሽ ያላት አልነበረም።

«እንቁላሎቼ አልተፈለፈሉም» አለች በመጨረሻ። «ልጆቼ ክንፍ ሳያወጡ ወንዝ አልሻገርም።»

«እጠብቃለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ሳር አጉድዬብሽ አውቃለሁ?»

አላጎደለባትም። ጫጩቶቹ ክንፍ እስኪያወጡም ጠበቀ። ከዚያ አንድ ጠዋት ወፎቹ ሁሉ ተነሥተው ሄዱ። አያ ጅቦ «ከሐዲዎች!» እያለ እስከ ወንዙ ዳር ሸኛቸው።

ክረምቱ ገባ። የጥንቸል ጎጆ አፈሰሰ፤ የሚጠግን የለም። አያ አንበሶ ዘንድ ምክር ልትገዛ ሄደች። «ጠግኚው» አላት።

መስከረም ላይ ደግሞ ጉባኤ ተጠራ። ከአያ አንበሶ ጎን አንድ የማናውቀው እንግዳ ተቀምጧል። እንግዳው ዛፍም ዋሻም አላየም። ሰንጋ እንደሚመርጥ ነጋዴ፣ እኛን አንድ በአንድ ከእግር እስከ ራስ ይመለከታል።

«ጥያቄ ያለው?» አለ አያ አንበሶ።

ጦጢት ጅቦን አየችው። ጅቦ እኔን አየኝ። ከዚያ ሁላችንም ደመና እንደሚያይ ሰው ቀና አልን። ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ነበር።