የፋሲካ ሌሊት ተረኛ

ብምልም ብገዘትም አታምኑኝም! የሆስፒታላችን ዳይሬክተር ሆዱ በግማሽ ቀን ቀድሞት ዋርድ ገባና የነርሶቹን አለቃ እንዲህ አላት፦ «ለፋሲካ ሌሊት ተረኛ መድቢ። ነርሶቹ ሁሉ ጾማቸውን ቤታቸው እንዲፈቱ በስብሰባ ቃል ገብቼ ተጨብጭቦልኛል፤ አንዷም እንዳታድር። ዋርዱም ያለ ሰው እንዳይቀር። ከሌላ ቦታም ሰው አታምጪ። ካልቻልሽ ከሹመትሽ ውረጂ!»

እሷም ሳታስብ፣ «መደብኩ ጌታዬ፤ እርስዎ ያድራሉ» አለችው።

«እኔ? መርፌ ከጨበጥኩ እኮ ስንት ዘመኔ!»

«ምን ችግር አለው? እጅዎ እስኪፍታታ እዚህ በተኛው በአያ ቸኮል ላይ ይለማመዳሉ።»

ይሄኔ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ የታሰረው አያ ቸኮል ከአልጋው ዘሎ ወረደና ጮኸ፦ «እኔ ድኛለሁ! ነርሶቹም ቤታቸው ይግቡ፣ እኛም ቤታችን እንግባ፤ ዋርዱ ያለ ሰው እንዳይቀር እሳቸው ይተኙበት!»