መቀመጥ ያቃተው እንደራሴ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ከብትም ያረባል። ጥያቄህን ሰምቻለሁ ልጄ። ነገ ሽማግሌ ሆነህ በክርስትና አባትህና በዚያች ባሏ በሞተባት ሴት መካከል ለዳኝነት ልትቀመጥ ነው። «ያሳደጉኝን ሰው ፊት ለፊት እንዴት እቃወማለሁ?» ነው ያልከኝ። መጀመሪያ ይህን ሰው ስማ።

ከሰውዬው መንደር በታች አንድ ጨፌ አለ። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። በበጋ ሌላው ሣር ሁሉ ሲያር ያ ብቻ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያገሩ ከብት ነፍሱ የምትተርፈው በእሱ ነው።

በዚያ ዘመን በዋናው ከተማ ምክር ቤት ተቋቁሞ ነበር። ሁለት ነው አሉ። በላይኛው መኳንንቱ ይቀመጣሉ፤ በታችኛው ከየአገሩ የተላኩ እንደራሴዎች። አንድ ቀን ወሬ መጣ። የወል ግጦሽ ሁሉ ተሸንሽኖ ለሚያርስ ይሰጥ የሚል ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ሊቀርብ ነው ተባለ። አገሩ ደነገጠ። ሹማምንቱና ሽማግሎቹ ተሰብስበው ይህን ገበሬ መረጡ። ለምን እሱን? ጨዋ ነው። ትልቅ ሰው ካየ ከበቅሎው ይወርዳል። ሽማግሌ ሲገባ ከእሱ ቀድሞ የሚነሣ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ከትልልቅ ሰዎች መካከል ቢገባ አያሳፍረንም አሉ።

በሚሄድበት ቀን እትዬ አስካል የምትባል ባልቴት መንገድ ላይ ጠበቀችው። ያሏት ሁለት ላሞች ናቸው። ከጨፌው አንድ ጭብጥ ሣር ነጭታ ይዛለች። የጋቢውን ጫፍ ሳብ አደረገችና ቋጠረችበት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«ላሞቼ ናቸው። ስትናገር ጨብጠው። አፍህ ቢተወው እጅህ ያስታውስሃል።»

«እኔ ልረሳ፣ እትዬ?»

«አትረሳም። ትተዋለህ እንጂ። አንተ እኮ ሠርግ ቤት ሄደህ፣ ታላላቆቹ ይቅደሙ ስትል ጦምህን የምትመለስ ሰው ነህ።»

ሳቀ። መንገድ ከጀመረ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋበት።

ከተማ ገባ። ወንበር ሰጡት። በአገሩ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ዳኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ቀኛዝማች ደርሰህ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእህል አገር የመጡ እንደራሴ ናቸው። በመጣ ሰሞን ብርድ መትቶት ሲተኛ ማርና ቅቤ ላኩለት። ከዚያ ወዲያ እንደ አባቱ ያያቸው ጀመር።

የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሥርዓቱን ነገረው። «ሕግ ተነብቦ ካለቀ በኋላ የተስማማ ይነሣል፤ ያልተስማማ ይቀመጣል። በቃ» አለው። ቀላል ነው አለ ሰውዬው በልቡ።

የሚናገረውን አዘጋጀ። ስድስት ቃል ነው፦ «ጨፌው ከታረሰ የአገሬ ከብት ሁሉ ያልቃል።» ከምክር ቤቱ አጥር ሥር ወዲያ ወዲህ እያለ ደጋገመው። ቀኑ እየቀረበ መጣ። ቃሉን ያውቀዋል፤ ግን ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈትሸው ምላሱን ሆነ፤ ከዚያ ቋጠሮውን።

ቀኑ ደረሰ። ሕጉ ተነበበ። «የሚናገር አለ?» አለ ሰብሳቢው። ሰውዬው ቋጠሮውን ጨበጠ። አፉን ሲከፍት አንድ ሽበታም ተነሡ። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርምና ተወላቸው። እሳቸው ሲጨርሱ ሌላ ሽበታም ተነሡ። እኒያም ሲጨርሱ ሌላ። በእያንዳንዱ መሀል ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ በእያንዳንዱ መሀል ይቀደማል። እጁ አልቦት ቋጠሮው ረጠበ። ሰብሳቢው «ይበቃል፤ ሰዓት ሄዷል» አለ።

ስድስቱ ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። ራሱን አጽናና። ግድ የለም፤ ገና መቀመጥ አለልኝ። ለመቀመጥ አንደበት አያስፈልግም አለ።

«የተስማማ ይነሣ» አለ ሰብሳቢው።

ከወዲያም ከወዲህም ሰዎች ተነሡ። ሰውዬው በግራ እጁ ወንበሩን ያዘ፤ በቀኙ ቋጠሮውን። ያኔ ከጎኑ ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ቀኛዝማች ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው፣ ሽማግሌ እንደሚነሣ ቀስ ብለው እየተነሡ ነው። የካባቸው ጫፍ ጉልበቱን ነካው። አባት የሚያህል ሰው ከራሱ በላይ ቆሞ እሱ ተቀምጦ! ከተወለደ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ጨፌው ትዝ ብሎታል፤ አልረሳም። ጉልበቱ ግን ጨፌውን አያውቅም። ጉልበቱ የሚያውቀው መነሣት ነው።

ተነሣ። እንዲያውም ክርናቸውን ደገፍ አደረጋቸው።

ጸሐፊው በጣቱ እየቆጠረ መጣ። ሰውዬው ልቀመጥ አለ፤ ሽማግሌው ሳይቀመጡ እንዴት ይቀመጥ? ጣቱ በእሱ ላይ አለፈ። ቆጠራው ሲያበቃ የቆሙት ከተቀመጡት በአንድ ሰው በለጡ።

ደጅ ሲወጡ እየሮጠ ደረሰባቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አልተስማማሁም። ለእርስዎ ብዬ ነው የተነሣሁት።»

ቀኛዝማች ቆሙ። «ለእኔ?»

«እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ?»

«ልጄ፣ ያገሬ ሰው የሚያርሰው መሬት አጥሮታል። እኔ ለእሱ ተነሣሁ። ክርኔን ስትይዘኝ የተስማማህ መስሎኝ ደስ አለኝ። ብትቀመጥ ኖሮ እንኳን ቅር ሊለኝ፣ ልብም አልልህም ነበር። ዓይኔ ጸሐፊው ላይ ነበር።» በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ባውቅ ትከሻህን ይዤ አስቀምጥህ ነበር። አሁን ማን ይሰማናል?»

ሰውዬው ወደ አገሩ ተመለሰ። እትዬ አስካል እዚያው መንገድ ላይ ጠበቀችው። ምን አልክ ብላ አልጠየቀችውም። የጋቢውን ጫፍ አየች። ቋጠሮው እንደ ቋጠረችው ነው። ፈታችው። ሣሩ ደርቆ እንደ ገለባ ተሰባብሮ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ሕጉ በላይኛውም ምክር ቤት አለፈ፤ በየካቲት ጨፌው ታረሰ። እትዬ አስካል ሁለቱን ላሞቿን እየነዳች፣ አጥንታቸው ወጥቶ፣ ልትሸጣቸው በሰውዬው ደጅ አለፈች። እሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ።

«ዛሬስ ተቀመጥ» አለችው። አለፈች።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ቀኛዝማች የክርስትና አባትህ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማርና ቅቤ ልከውልሃል፤ አልክድም። ነገር ግን ያሳደጉት አንተን ነው፤ ያችን ሴት አላሳደጓትም። ነገ ከዛፉ ሥር የምትቀመጥበት ድንጋይ ያንተ አይደለም። የላኩህ ሰዎች ነው። ጠዋት ደጃቸው ሂድ፤ ጉልበታቸውን ሳም፤ አክብሮትህን እዚያ ጨርስ። ከዚያ ሄደህ ድንጋይህ ላይ ተቀመጥ። እሳቸው ሲነሡ አፍህን አልፈራልህም፤ ጉልበትህን ነው የምፈራው።

በል፣ መሽቶብኛል፤ እኔ ልነሣ ነው። አንተ እዚያው ተቀመጥ። ከእኔ ጀምር።